ዘነበ የማይቀመጥበት ምክንያት

ከወናጎ በላይ፣ ቀዩ መንገድ በእንሰትና በቡና ጥላ ውስጥ እየተጠማዘዘ ወደ ደጋው በሚወጣበት ቀበሌ፣ የአገሩ ሰው ሙግቱን የሚጨርስበት አንድ ግዙፍ ዛፍ አለ። ጌዴኦዎች በዛፉ ሥር የሚሰየመውን የሽማግሌዎች ሸንጎ ሶንጎ ይሉታል። በዚህ ሶንጎ ሥርዓት የተከሰሰ ሰው ቆሞ ይሰማል፣ ቆሞ ይመልሳል። ንጹሕ መሆኑ በተበየነለት ዕለት ሽማግሌዎቹ «ተቀመጥ» ይሉታል፤ እሱም ሣሩ ላይ ተቀምጦ ዳግመኛ እንደ ሰው ሁሉ ሰው ይሆናል። ዘነበ ንጹሕ መሆኑ ተበይኖለታል። «ተቀመጥ»ም ተብሏል። አልተቀመጠም። ጉልበቱ አልታጠፍ ብሎት አይደለም፤ ተቀማጮቹን ንቆም አይደለም። ጥፋት ተሠርቶ ጥፋተኛው ስላልቆመ ነው።

ዘነበ መድኃኒት ረጪ ነው። ከአባቱ የደረሰው መሬት ጠባብ በመሆኑ ጎዶሎውን የሚሞላው የሰው ቡና በመርጨት ነበር። የጀርባ ፓምፑን አዝሎ፣ አፍንጫውን በጨርቅ አስሮ ከጓሮ ወደ ጓሮ ሲዞር ያዩት ልጆች «አጥማቂው መጣ!» እያሉ ይከተሉታል። እሱም የፓምፑን አፍ ወደ እነሱ አዙሮ «ንስሐ ግቡ!» ሲላቸው እየተንጫጩ ይበተናሉ።

የሚዋጋው ጠላት ግን የሚቀለድበት አልነበረም። የቡና ፍሬ በሽታ ከሻጋታ ወገን ነው። ብርድና ዝናብ ሲገናኙ ይነሣል፤ ስለዚህም ከቆላው ይልቅ ደጋውን ይመርጣል። ገና አረንጓዴ በሆነው ፍሬ ላይ የመርፌ ጫፍ የምታህል ጥቁር ነጥብ ይጥላል። ነጥቧ ትሰምጣለች፣ ትሰፋለች፣ በመጨረሻም ፍሬውን አክስላ ቅርንጫፉ ላይ አድርቃ ትተወዋለች። ገበሬው በኅዳር ሊለቅመው የነበረውን በሐምሌ ይቀብረዋል።

ከዚህ በሽታ የሚጠብቁ ሁለት ነገሮች አሉ። አንዱ በሽታውን የሚቋቋም ዝርያ ነው። ሌላው የመዳብ መድኃኒት ነው፤ ሰማያዊ ዱቄት ሲሆን በውሃ ተበጥብጦ፣ ፍሬው ገና በመጠንከር ላይ ሳለ፣ በሽታው ሳይቀድም ይረጫል። መዳቡ በፍሬው ላይ እንደ ልብስ ያርፋል እንጂ የታመመውን አያድንም። እንግዲህ የዘገየ ርጭት ከንቱ ነው። የሐሰት ርጭት ግን ከከንቱም ይከፋል፤ ገበሬው ተጠብቄአለሁ ብሎ እንዲተኛ ያደርገዋልና።

ዘነበ ሥራውን ሲጀምር የሰፈሩ ሰው ረጪ አያምንም ነበር። ከሌላ ቦታ የመጣ አንድ ሰው የወንዝ ውሃ ረጭቶባቸው፣ ዋጋውን ተቀብሎ፣ ዞሮ ሳያይ ሄዷል። ዘነበ ይህን የተሰበረ እምነት የጠገነው በአንድ ዘዴ ነው። «ውሃው ሲደርቅ ጓሯችሁን ዙሩ» አላቸው። «ቅጠሉ ላይ ሰማያዊ ካልቀረ ሌባ በሉኝ።» ዞሩ፤ አዩ። ከዚያ ወዲህ ከርጭት በኋላ ባልና ሚስት ተከታትለው ቅጠል እየገለበጡ ሰማያዊውን መፈለግ የሰፈሩ ልማድ ሆነ። ያላየ አይከፍልም፤ ያየ አይከራከርም። ዘነበ በዚህ ልማድ ይኮራ ነበር፤ ጉድጓዱ የተቆፈረለትም በዚሁ ልማድ ነው።

ዱቄቱን ይገዛ የነበረው ዲላ ከሚገኘው ከኑሰይባ ሱቅ ነበር። ኑሰይባ ከጉራጌ አገር መጥተው በዲላ የተደላደሉ ነጋዴዎች ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ኬሚስትሪ አጥንታ፣ በተማረችበት ሥራ ብታጣ ወደ አባቷ መደርደሪያ ተመልሳለች። ኋላ ግን አንድ የግብዓት አቅራቢ ማኅበር ተቋቋመና ከማኅበሩ ውጭ የተገዛ መድኃኒት በአካባቢው እንዳይረጭ ተከለከለ። የተሰጠው ምክንያት «ገበሬውን ከሐሰተኛ ምርት ለመጠበቅ» የሚል ነበር። ይህ ቃል ይታወስ።

የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ እንግዳ ይባላል። ለረጪዎች ሥልጠና ብሎ ወናጎ ላይ በጠራው ስብሰባ፣ ሻይና ብስኩት ከዞረ በኋላ፣ «ለመሆኑ ገበሬው መድኃኒቱ ጥሩ መሆኑን በምን ያውቃል?» ሲል ጠየቀ። ዘነበ እጁን አወጣ።

«በሰማያዊው ነው ጌታዬ። ሲደርቅ ቅጠሉ ላይ ይቀራል። እሱን ካየ ሌላ አይጠይቅም።»

«ሌላ ምንም አይጠይቅም?»

«ምን ይጠይቃል? ዐይኑ ነግሮታል።»

«እንዲህ ያለ ተሞክሮ ነው የምንፈልገው!» አለ እንግዳ፤ አዳራሹንም አስጨበጨበለት። ዘነበ ያን ዕለት ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ለሚስራ ጭብጨባውን እየደጋገመ አወራት።

በቀጣዩ በልግ የመጣው ዱቄት ከወትሮው ይልቅ ሰማያዊ ነበር። ከጣት አይለቅም፤ የሸሚዝ ኮሌታ ላይ ካረፈ በሳሙናም አይወጣም። አጥር የሚጋራው ጎረቤቱ ሲሞን ቅጠል ገልብጦ አየና «ዘንድሮስ ሰማዩን ነው ያወረድከው!» ሲል አሞገሰው። ዘነበ በሚያዝያ ረጨ፣ በግንቦት ደገመ፣ በሰኔ ሠለሰ። መጠኑን አላጎደለም፤ ጊዜውን አላሳለፈም። አንድ ነገር ብቻ ቅር ብሎት ነበር። ዝናብ በጣለ ቁጥር ሰማያዊው እየታጠበ ወርዶ ግንዱ ሥር ይጠራቀም ነበር። የቀድሞው ዱቄት እንዲህ አልነበረም። የዝናቡ ብርታት ነው ብሎ ተወው።

በሐምሌ አንድ ማለዳ ሲሞን በሩን ደበደበ። ዘነበ ሲከፍት መዳፉን ዘረጋለት። መዳፉ ላይ የጠቆሩ ፍሬዎች ነበሩ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

ዘነበ አወቀው፤ አንዱን ፍሬ አንሥቶ በጥፍሩ ሰነጠቀው።

«የፍየል በጠጥ ነው በለኝ እንጂ! ምነው ዝም አልክ፣ አጥማቂው?»

ልጆች ሲሉት የሚያስቀው ስም ከሲሞን አፍ ሲወጣ አላሳቀውም።

እንግዳ በሳምንቱ ድምፅ ማጉያ አስይዞ መጣ። የተናገረው ቃል በቃል መመዝገብ ያለበት ነው። «መድኃኒታችን ደረጃውን የጠበቀ ነው» አለ። «ችግሩ ያለው አጠቃቀሙ ላይ ነው። ረጪ መጠን ሲያጓድልና የቀረውን ገበያ ሲያወጣ በሽታው ይደፍራል።» ስም አልጠራም። በቀበሌው አንድ ረጪ ብቻ ሳለ ስም መጥራት ምን ያደርግለታል? ከዚያም መፍትሔውን አስከተለ፤ «አሁን በሽታው ሥር ሰዷል። ነባሩን ቡና ነቅላችሁ በሽታ የሚቋቋም ዝርያ ትከሉ። ችግኙን ማኅበራችን አዘጋጅቷል።»

እዚህ ላይ እውነቱንና ሐሰቱን መለየት ይገባል። በሽታ የሚቋቋም ዝርያ መኖሩ እውነት ነው። ተመራማሪዎች በሽታ ካጠፋው ማሳ መካከል ያልተነኩትን ዛፎች ለይተው፣ ዘራቸውን ለዓመታት ፈትነው ያስገኙት ሀብት ነው። እንግዳ ያቀረበው ችግኝ ግን ከየትኛው ዛፍ እንደተለቀመ የሚያውቅ የለም፤ ለዚህ ከፍታ ይስማማ አይስማማ የፈተነው የለም። የእውነተኛውን ስም ብቻ ለብሷል። ደግሞም የተተከለ ቡና እስኪያፈራ ዓመታት ያልፋሉ። በእነዚያ ዓመታት እንሰቱ ሆድ ይሞላል፤ የልጅ ደብተርና የሐኪም ቤት ወጪ ግን የሚመጡት ከቡናው ነው። እንግዳ ይህን ያውቃል። እያወቀ ተናገረው፤ ተናግሮም ሞተሩን አስነሥቶ ወረደ።

በዚያ ምሽት ሚስራ ምድጃው አጠገብ ተቀምጣ ባሏን ትክ ብላ አየችው።

«የሃሌሉያ አባት፣ እውነቱን ለእኔ ንገረኝ። አጉድለሃል?»

«አንቺም?»

«እኔማ አላምንም። ነገ ግን ምንጭ ስወርድ የሚጠይቁኝ ሴቶች አሉ። ከአፍህ ሰምቼ ልመልስላቸው።»

«አላጎደልኩም።»

«እንግዲያው ቁምና ተናገር። እቤት ተኮራምቶ ንጹሕ የሆነ ሰው አላየሁም።»

ሶንጎው ተሰየመ፤ ዘነበም ቆመ። ምን እንደሚጠብቀው አላጣውም። ሶንጎ አጥፍተሃል ያለው ሰው ደቦ ቢጠራ አይመጣለትም፤ እሳት ቢጠፋበት ጭሮ የሚሰጠው የለም፤ ለቅሶ ቢደርስበት ብቻውን ይቀብራል። የልጁ የሃሌሉያ ስም ሳይቀር «የሌባው ልጅ» ተብሎ ይለወጣል። ከሳሹ ሲሞን ነበር።

«ሰማያዊውን አይቻለሁ፤ አልክድም» አለ ሲሞን። «ነገር ግን ቅጠል ለማቅለም ጥቂቱም ይበቃል። የቀረው የት ገባ? ይህን ይንገረን።»

ዘነበ ነገሩን በልቡ መዘነው። ጥቂቱ የሚበቃ ከሆነ ሰማያዊው ስለ መጠኑ አይመሰክርም ማለት ነው። ስለ መጠኑ ካልመሰከረ ደግሞ ስለ ምን ይመሰክራል? ስንት ዘመን ሰው ሁሉ ቀለሙን እንዲያምን ያስተማረው እሱ ራሱ ነው። ይህንኑ ቆሞ ለማን እንደተናገረ፣ ማንስ እንዳስጨበጨበለት ትዝ አለው።

«አባቶቼ፣ ቀን ስጡኝ» አለ። «ዲላ ያለ ምስክር አለኝ።»

ዋናው ሽማግሌ ዘንጋቸውን መሬት ላይ ተክለው አሰቡና እስከሚቀጥለው ሶንጎ ፈቀዱለት።

ዘነበ ከማኅበሩ ከረጢት ሥር የቀረውን ዱቄት በላስቲክ ቋጥሮ በሚኒባስ ዲላ ወረደ። ኑሰይባ ገና ከበሩ ስታየው ሳቀች።

«ጋሽ ዘነበ! ማኅበር አገባህና ረሳኸን፣ አይደል?»

«አግብቼስ ነበር። ሙሽራዋ ቀለም ተቀብታ ኖሯል መሰለኝ» አለና ቋጠሮውን ባንኮኒው ላይ ፈታው።

ኑሰይባ ዱቄቱን በጣቶቿ መካከል አሸችው፤ አሸተተችው። ለሻይዋ ካስቀመጠችው ሎሚ ቆርጣ ጨመቀችበት። ዱቄቱ ተንሿሿ፤ አረፋም ደፈቀ። ሳቋ ከፊቷ ላይ ጠፋ።

«እኔ እሸጥልህ የነበረው እንዲህ አያደርግም። ይሄ ኖራ ነው፤ ወላሂ ኖራ ነው! ቀለም የገባበት ኖራ ነው የረጫችሁት።»

ዘነበ የዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጠ። ከክሱ ወዲህ በሰው ፊት ሲቀመጥ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም እሱ ነበር።

«ምን ይሻለኛል?»

«ላብራቶሪ እንላከው ብንል መልሱ ሳይመጣ ቡናችሁ ተነቅሎ ያልቃል። ሶንጎው መቼ ነው?»

«አንቺ ልትመጪ ነው? ፈቃድሽን ቢነጥቁሽስ?»

«ያኔ እንዳልሸጥልህ የከለከሉኝ ገበሬውን ከሐሰተኛ ምርት ለመጠበቅ ብለው አይደል? እኔም ልጠብቀው ነዋ!»

በተባለው ቀን ኑሰይባ ድሮ ትሸጠው ከነበረው መድኃኒት የተረፈውን ጣሳ፣ ሁለት የመስታወት ብርጭቆና አንድ ፌስታል ሎሚ ይዛ ዛፉ ሥር ደረሰች። ከተቀመጡት አንዱ «ደግሞ የነጋዴ ልጅ፣ ያውም ሴት፣ ሶንጎ ላይ ምን ልትናገር ነው?» ሲል አጉረመረመ።

«እሷ አትናገርም» አሉ ዋናው ሽማግሌ። «ብረት ነው የሚናገረው ብላኛለች። የማን ገጀራ ይሁን?»

«የከሳሼ ይሁን» አለ ዘነበ።

የሲሞን ገጀራ በአመድ ታሽቶ እስኪያበራ ድረስ ጸዳ። ኑሰይባ በአንዱ ብርጭቆ የማኅበሩን ዱቄት፣ በሌላው የድሮውን አድርጋ ሎሚውን ጨመቀችባቸው። የማኅበሩ እንደ ቦርዴ መጠጥ ገንፍሎ ከአፉ ፈሰሰ። የድሮው አልገነፈለም፤ እየሟሟ ጥርት ያለ ሰማያዊ ውሃ ወጣው። የገጀራውን ጫፍ በመጀመሪያ በገንፋዩ ውስጥ ነከረችው፤ እስኪበቃ ቆይቶ እንደ ገባ ወጣ። አጥባ በሁለተኛው ውስጥ ነከረችውና ጠበቁ። ስታወጣው ብረቱ ቀልቷል።

ሲሞን ገጀራውን ተቀብሎ በአውራ ጣቱ አሸው። ፀሐይ ላይ ይዞ አገላበጠው። ብረቱ ላይ ያረፈው ያለ ጥርጥር መዳብ ነበር።

«እኛ ቡናችን ላይ የነበረው የትኛው ነው?» ብሎ ጠየቀ፤ መልሱ ሳይጠፋው። ኑሰይባ ወደ ገነፈለው አመለከተች።

«ቤቴን ብቀባበት ይሻለኝ ነበር!» አለ ሲሞን። አንዳንዶች ሳቁ። እሱ አልሳቀም፤ ወደ ዘነበ ዞሮ ፊቱን ማየት ተስኖት እግሩን አየ።

ሽማግሌዎቹ ተመካከሩ። ነገሩም ረጅም አልነበረም።

«ዘነበ፣ ተቀመጥ።»

አልተቀመጠም።

«ተቀመጥ ተብለሃል እኮ።»

«ሰምቻለሁ አባቴ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ገበሬው የሚያየው ሰማያዊውን ብቻ ነው ብዬ ለእንግዳ የነገርኩት እኔ ነኝ። እያስጨበጨበ ነው የተቀበለኝ። ስለዚህ ይህን ነገር ከማንም በላይ አውቀዋለሁ። ቡናው ጠፍቷል። ቡና ደግሞ ያለ አጥፊ አይጠፋም። እኔ ከተቀመጥኩ ማን ይቆማል?»

ሶንጎው እንግዳን አስጠራ። የመጀመሪያው መልእክተኛ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብሎ ተመለሰ። ሁለተኛው «መስክ ወጥተዋል» ተባለ። ለሦስተኛው ደግሞ «ጉዳዩ በሚመለከተው አካል እየተጣራ ነው» የሚል ቃል ተሰጠው። የሚመለከተው አካል ማን እንደሆነ አልተነገረም። ዱቄቱ ለምርመራ ተብሎ ተወሰደ፤ ውጤቱ አልተመለሰም። ጭነቱ ሲገባ መርምሮ ማሳለፍ ያለበት ባለሙያ ነበር፤ ኖራ አሳለፈ። የኑሰይባን ሱቅ ለመዝጋት ያልዘገየ እጅ ነበር፤ የማኅበሩን መጋዘን ለመክፈት ግን ቁልፍ ጠፋው። እንግዳ በበኩሉ በዚያው ዓመት ከፍ ወዳለ ቦታ ተዛወረ፤ በሽኝቱ ላይም ስለ መልካም አፈጻጸሙ ተነገረለት። ይህን ያህል ሰው አንድ ላይ በቸልተኝነት ሊሳሳት አይችልም። ቸልተኝነት ትርፍን ለይቶ አያውቅም፤ ይህ ግን በእያንዳንዱ እርምጃው ትርፉ ወዳለበት ሄዷል።

ቡናው አልተነቀለም። ሶንጎው በአንድ ድምፅ ከለከለ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ቀናት ዘነበ ፓምፑን ቤት ትቶ ከሲሞን ጋር በየጓሮው ዞረ። ከጠቆሩት ዛፎች መካከል እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ ፍሬው አረንጓዴ ሆኖ የቆየ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ሲከስል ቅርንጫፉን ሞልቶ ቆሟል።

«ይሄንን ማን ረጨው?» አለ ሲሞን።

«ሁሉንም ያንኑ ኖራ ነው የረጨሁት። ይሄ በራሱ ነው የቆመው።»

በእንዲህ ያሉት ዛፎች ግንድ ላይ ለምልክት የእንሰት ቃጫ አሰሩ። ሰውም ከእነሱ ዘር ለመያዝ ቃል ገባ፤ የምርምር ሰዎች መጥተው እንዲፈትኑላቸውና በዚህ ከፍታ የተፈተነ ዝርያ እንዲሰጧቸውም ጠየቁ። በሽታ ከሚቋቋሙ ዛፎች ዘር የሚመረጠው እንዲህ እየተለየ መሆኑን ድምፅ ማጉያ ይዞ የመጣው ሰው አልነገራቸውም ነበር። ችግኝ ሻጭ ይህን ምን ብሎ ይነግራል? ለቀረው ቡና የመዳብ ርጭቱ ይቀጥላል። የሰፈሩ ልማድ ግን ተለውጧል። አሁን ቅጠል የሚገለብጥ የለም። ዱቄቱ ከየትም ይምጣ፣ ፓምፑ ከመሞላቱ በፊት ሚስራ፣ ወይም ሌላዋ ባለ ጓሮ፣ ሎሚና ቢላዋ ይዛ ትመጣለች።

ሶንጎው ዛሬም ይሰየማል። ስለ ድንበር፣ ስለ ከብት፣ ስለ ጋብቻ ሙግት ይሰማል። ዘነበ በየጊዜው ይመጣል፤ ተከሳሽ በሚቆምበት ቦታ፣ ከእውነተኛው ተከሳሽ ጥቂት ፈቀቅ ብሎ ይቆማል። መጀመሪያ ሰው ግራ ይጋባ ነበር፤ አሁን ለምዶታል። ያልለመደው ሲሞን ነው። ባለፈው ከቤቱ ሦስት እግር በርጩማ ተሸክሞ መጣና አጠገቡ አኖረለት።

«ኧረ በማርያም፣ ጴንጤም ብሆን በማርያም ልለምንህ፣ ተቀመጥ። እግርህ አይደክመውም?»

«ይደክመዋል።»

«እንግዲያ?»

ዘነበ በርጩማዋን በእግሩ ቀስ አድርጎ ወደ ሲሞን መለሳት።

«ቦታው ባለቤት አለው» አለ። «እስኪመጣ እየጠበቅኩለት ነው።»